የኬተሪንግ ትምህርት ቤት የሳተላይት ክትትል ቡድን

የኬተሪንግ ትምህርት ቤት የሳተላይት ክትትል ቡድን (በአጭሩ የኬተሪንግ ቡድን) በእንግሊዝ አገር፣ በኖርዝሃምፕተንሺር፣ በኬተሪንግ ከተማ በነበረ የወንዶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት ውስጥ በመምህራንና በተማሪዎች የተመሠረተ የራዲዮ አድማጮች ቡድን ነው። ቡድኑ ከ1960ዎቹ ጀምሮ የሶቭየት ኅብረት ሳተላይቶች የሚልኩትን የራዲዮ ምልክት በአጭር ሞገድ መቀበያ እያዳመጠ ምሕዋራቸውን ይከታተል ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው ሶቭየት ኅብረት በምሥጢር የያዘችውን የፕሌሴትስክ የሮኬት ማምጠቂያ ጣቢያ በ1966 (በኢትዮጵያ አቆጣጠር በ1959 ዓ.ም. መጀመሪያ) አግኝቶ ለሕዝብ በመግለጹ ነው። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ሌሎች ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር የተጻፉ ናቸው።

አመሠራረት

ኬተሪንግ ከለንደን በስተሰሜን የምትገኝ፣ በጫማ ፋብሪካዎቿ ትታወቅ የነበረች መለስተኛ ከተማ ናት። ትምህርት ቤቱ በፈተና የተመረጡ ወንዶች ልጆች የሚማሩበት የመንግሥት ትምህርት ቤት ነበር። የቡድኑ መሪ ጄፍሪ ፔሪ (1927–2000) በዚያ የፊዚክስ መምህር ነበሩ። የሥራ ባልደረባቸው ዴሪክ ስሌተር ደግሞ የኬሚስትሪ መምህር ሲሆኑ የአማተር ራዲዮ ባለሙያም ነበሩ። አማተር ራዲዮ ማለት ሰዎች ለገንዘብ ሳይሆን ለዕውቀትና ለፍላጎት ብለው የራዲዮ መሣሪያ የሚሠሩበት፣ የሚያዳምጡበትና ከሩቅ አገር ሰዎች ጋር የሚገናኙበት ሥራ ነው።

ኦክቶበር 4 ቀን 1957 ሶቭየት ኅብረት የመጀመሪያዋን ሰው ሠራሽ ሳተላይት ስፑትኒክ 1ን አመጠቀች። ስፑትኒክ በ20.005 እና በ40.002 ሜጋ ኸርዝ ላይ «ቢፕ ቢፕ» የሚል ምልክት ትልክ ነበር። ከሁለቱ የመጀመሪያው በማንኛውም ደህና የአጭር ሞገድ መቀበያ ሊሰማ የሚችል ስለሆነ በብዙ አገሮች ያሉ የራዲዮ አማተሮች በቤታቸው ሆነው አዳመጡት። ስለዚህ የጠፈር ዘመን ከጅምሩ ለመንግሥታት ብቻ የተተወ ነገር አልነበረም። ተራ ሰውም ጆሮውን ከመሣሪያው ላይ አድርጎ ሊከታተለው ይችል ነበር።

የኬተሪንግ ቡድን ሥራ የጀመረው በ1960 ነው። ሶቭየት ኅብረት በዚያው ዓመት ሜይ 15 ቀን ስፑትኒክ 4 በመባል የሚታወቀውን፣ በኋላ ዩሪ ጋጋሪንን ወደ ጠፈር የወሰደችው መንኮራኩር የመጀመሪያ መሞከሪያ የሆነውን ሳተላይት አመጠቀች። ፔሪ የዚህን ሳተላይት ምልክት ለክፍል ትምህርት ሊጠቀሙበት ፈለጉ። የፈለጉት ስለላ ሳይሆን የዶፕለርን ክስተት ለተማሪዎች ማሳየት ነበር። ስሌተር በመቀበያቸው ምልክቱን ያዙ፤ ተማሪዎችም በመጽሐፍ ያነበቡትን ሕግ በጆሮአቸው ሰሙ። ከዚያ በኋላ ማዳመጡ አልቆመም።

መሣሪያና የሥራ ዘዴ

ቡድኑ የተጠቀመባቸው መሣሪያዎች ጥቂትና ቀላል ነበሩ። የአጭር ሞገድ መቀበያ፣ አንቴና፣ ድምፅ መቅጃ፣ ትክክለኛ ሰዓትና መዝገብ ለሥራው ይበቃሉ። የተቀረው የፊዚክስና የሒሳብ ዕውቀት እንዲሁም ትዕግሥት ነው። ከዚህ በታች የተዘረዘሩት ሦስት ነገሮች ለሥራው መሠረት ናቸው።

የዶፕለር ክስተት። አምቡላንስ እየጮኸ ሲቀርብ ድምፁ ቀጭን፣ አልፎ ሲሄድ ደግሞ ወፍራም ሆኖ ይሰማል። የራዲዮ ሞገድም እንዲሁ ነው። ዝቅ ብሎ የሚዞር ሳተላይት በሰከንድ ወደ 8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይጓዛል። በ20 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚልከው ምልክት ወደ አድማጩ ሲመጣ እስከ 500 ኸርዝ ያህል ከፍ ይላል፤ ሲርቅ ደግሞ በዚያው መጠን ዝቅ ይላል። ይህ ለውጥ በመቀበያው ድምፅ ላይ በግልጽ ይሰማል። ድምፁ በጣም በፍጥነት የወረደበት ቅጽበት ሳተላይቱ ለአድማጩ ይበልጥ የቀረበበት ቅጽበት ነው። የአወራረዱ ፍጥነት ደግሞ ሳተላይቱ በምን ያህል ርቀት እንዳለፈ ያመለክታል። ድምፁ በአንድ ጊዜ ከወረደ ሳተላይቱ በቅርብ አልፏል፤ ቀስ እያለ ከወረደ በሩቅ አልፏል ማለት ነው።

የዙር ጊዜ። ዝቅተኛ ምሕዋር ላይ ያለ ሳተላይት ምድርን አንድ ጊዜ ለመዞር ከ90 ደቂቃ ትንሽ ያልፈዋል። በእነዚህ 90 ደቂቃዎች ውስጥ ምድር ራሷ ወደ ምሥራቅ 22.5 ዲግሪ ትዞራለች። ስለዚህ ሳተላይቱ በሚቀጥለው ዙር የምድር ወገብን የሚያቋርጠው ከበፊቱ በስተምዕራብ 2,500 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ ነው። አድማጩ በተከታታይ ዙሮች ያለፈበትን ሰዓት ከመዘገበ የዙር ጊዜውን በትክክል ያገኛል። ቀናት በጨመሩ ቁጥር ስሌቱ ይበልጥ ይጠራል።

የምሕዋር ዝንባሌ። ይህ ምሕዋሩ ከምድር ወገብ ጋር የሚሠራው ማዕዘን ነው። ዝንባሌው 65 ዲግሪ የሆነ ሳተላይት ከ65 ዲግሪ ሰሜንና ደቡብ ኬክሮስ አልፎ አይሄድም። ከዚህ ሌላ አስፈላጊ ሕግ ይከተላል። ሮኬቱ በበረራ ላይ ብዙ ነዳጅ አቃጥሎ አቅጣጫውን ካልቀየረ በቀር የምሕዋሩ ዝንባሌ ከተነሣበት ቦታ ኬክሮስ ሊያንስ አይችልም።

ዝቅ ብሎ፣ ለምሳሌ በ250 ኪሎ ሜትር ከፍታ፣ የሚያልፍ ሳተላይት ለአንድ አድማጭ ከአድማስ በላይ የሚቆየው ቢበዛ 8 ደቂቃ ያህል ነው። ሆኖም በ20 ሜጋ ኸርዝ አካባቢ የሚላክ ሞገድ በላይኛው የአየር ክፍል (አዮኖስፌር) ስለሚጎብጥ አንዳንድ ጊዜ ሳተላይቱ ከአድማስ በታች ሆኖም ምልክቱ ይሰማል። ይህ ለአድማጩ እንደ ጥቅምም እንደ ችግርም ነው። ሩቅ ያለውን ያሰማዋል፤ ነገር ግን ሳተላይቱ የት እንዳለ በመስማት ብቻ እንዳይወስን ያስገድደዋል።

የኮስሞስ ሳተላይቶች

ሶቭየት ኅብረት ከማርች 1962 ጀምሮ የተለያየ ዓላማ ያላቸውን ሳተላይቶች ሁሉ «ኮስሞስ» በሚል አንድ ስም በተራ ቁጥር ትጠራቸው ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ ዘኒት የሚባሉ የፎቶግራፍ ስለላ ሳተላይቶች ነበሩ። ዘኒት ጋጋሪን ከበረረባት ከቮስቶክ መንኮራኩር ጋር አንድ ዓይነት አሠራር ነበረው። በሰው መቀመጫ ፋንታ ካሜራና ፊልም ተጭኖበት፣ አብዛኛውን ጊዜ 8 ቀን ያህል ከዞረ በኋላ ፊልሙን ይዞ በሶቭየት ምድር ላይ በፓራሹት ይወርድ ነበር።

የሶቭየት ዜና ወኪል ታስ ለእያንዳንዱ ኮስሞስ አጭር መግለጫ ያወጣ ነበር። በመግለጫው የመጠቀበት ቀን፣ የዙር ጊዜው፣ የምሕዋሩ ዝንባሌ፣ ቅርቡና ሩቁ ከፍታ ይነገራል። ብዙ ጊዜም የራዲዮ ሞገዱ ይጠቀሳል፤ ለምሳሌ 19.995 ሜጋ ኸርዝ። ሳተላይቱ ከየት እንደተነሣ፣ በስንት ሰዓት እንደተነሣና ምን እንደሚሠራ ግን አይነገርም። ዓላማው ሁልጊዜ «የጠፈር ምርምር» ነው ይባል ነበር።

የኬተሪንግ ቡድን ሥራ የቆመው በዚህ በተነገረውና ባልተነገረው መካከል ባለው ክፍተት ላይ ነው። መግለጫው የምሕዋሩን ቅርጽ ይሰጣል፤ ማዳመጡ ደግሞ ሰዓቱን ይሰጣል። ሁለቱ ሲገጣጠሙ ሳተላይቱ በየትኛው ሰዓት በየትኛው አገር ላይ እንደሚያልፍ ማስላት ይቻላል። ምልክቱ ከ8 ቀን በኋላ መቋረጡ ደግሞ ሳተላይቱ መውረዱን ያሳያል። አንድ «የምርምር» ሳተላይት ሁልጊዜ በስምንተኛው ቀን ወደ ምድር የሚመለስ ከሆነ፣ ይዞት የሚመለሰው ነገር ፊልም መሆኑን መገመት አስቸጋሪ አልነበረም።

የፕሌሴትስክ መገኘት

እስከ 1966 መጀመሪያ ድረስ የሶቭየት ሳተላይቶች የሚመጥቁት በካዛክስታን ከሚገኘው ከባይኮኑር እና በቮልጋ ወንዝ አቅራቢያ ካለው ከካፑስቲን ያር እንደሆነ በውጭ ያሉ ተከታታዮች ያውቁ ነበር። ከባይኮኑር የሚነሡት የዘኒት ሳተላይቶች ዝንባሌ ብዙ ጊዜ 52 ወይም 65 ዲግሪ አካባቢ ነበር።

ማርች 17 ቀን 1966 ኮስሞስ 112 መጠቀ። ዝንባሌው 72 ዲግሪ ነበር፤ ይህም ከተለመደው የተለየ ነው። የኬተሪንግ አድማጮች ምልክቱን ይዘው ሰዓቱን መዘገቡ። ከዚያም የሳተላይቱን መንገድ ወደ ኋላ፣ እስከ መጀመሪያው ዙር ድረስ አሰሉ። ሐሳቡ ቀላል ነው። ማንኛውም ሳተላይት ጉዞውን የሚጀምረው ከተነሣበት ቦታ ስለሆነ፣ የመጀመሪያው ዙር በምድር ላይ የሚጥለው መስመር በማምጠቂያው ቦታ ላይ ማለፍ አለበት። ኮስሞስ 112 ከባይኮኑር ተነሥቶ ቢሆን ኖሮ ወደ ኋላ የተሰላው መስመር በባይኮኑር ላይ ያልፍ ነበር። አላለፈም።

ይህ ብቻውን አዲስ ጣቢያ መኖሩን ያሳያል እንጂ ቦታውን አይናገርም። አንድ መስመር በሺህ የሚቆጠር ኪሎ ሜትር የሚረዝም ስለሆነ፣ ጣቢያው በዚያ መስመር ላይ በየትኛውም ነጥብ ሊሆን ይችላል። በሚቀጥሉት ወራት ኮስሞስ 114 (ኤፕሪል 6) እና ኮስሞስ 121 (ጁን 17) መጠቁ። የሁለቱም ዝንባሌ 73 ዲግሪ አካባቢ ነበር። ከኮስሞስ 112 ጋር ስለሚቀራረቡ የሚጥሉት መስመር ከፊተኛው ጋር ጎን ለጎን የሚሄድ ያህል ነው። እንዲህ ያሉ መስመሮች የሚገናኙበትን ነጥብ በትክክል መለየት ከባድ ነው፤ በሰዓቱ ላይ የሚፈጠር ትንሽ ስሕተት ነጥቡን በብዙ መቶ ኪሎ ሜትር ያዛውረዋል።

ችግሩን የፈታው ኮስሞስ 129 ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 1966 የመጠቀው ይህ ሳተላይት 65 ዲግሪ ያህል ዝንባሌ ነበረው። በዝንባሌው ብቻ ቢታይ ከባይኮኑር የተነሡትን ስለሚመስል ማንም ላያስተውለው ይችል ነበር። ነገር ግን የተሰማበት ሰዓት ከባይኮኑር ለሚነሣ ሳተላይት ከሚጠበቀው ጋር አልገጠመም። መንገዱ ወደ ኋላ ሲሰላ መስመሩ የእነ ኮስሞስ 112ን መስመር በሰፊ ማዕዘን አቋረጠው። መገናኛው በሰሜን ምዕራብ ሩሲያ፣ ከአርካንግልስክ ከተማ በስተደቡብ ባለ ጫካማ አገር ላይ አረፈ። በዚያ አካባቢ በካርታ ላይ የሚታየው ፕሌሴትስክ የሚባል ትንሽ የባቡር ጣቢያ ያለው መንደር ነበር።

ቦታው ከምሕዋር ሕግ ጋርም ይስማማል። ፕሌሴትስክ በ63 ዲግሪ ሰሜን ኬክሮስ አካባቢ ይገኛል። ስለዚህ ከዚያ የሚነሣ ሳተላይት ዝንባሌው ከ63 ዲግሪ ብዙም ሊያንስ አይችልም፤ የታዩትም 65፣ 72 እና 73 ነበሩ። ከኬተሪንግ እስከ ፕሌሴትስክ ያለው ርቀት ከ2,500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው።

ፔሪ ግኝቱን በኖቬምበር 1966 ፍላይት ኢንተርናሽናል በተባለው የበረራ መጽሔት ላይ ገለጹ። ከዚያም ዜናው በብዙ አገሮች ጋዜጦች ወጣ። ለጋዜጦቹ ትልቁ ነገር ጣቢያው መገኘቱ ብቻ አልነበረም። ያገኙት መምህራንና ተማሪዎች መሆናቸው፣ ያውም በትምህርት ቤት መሣሪያ፣ ይበልጥ አስደነቃቸው።

ምሥጢሩና ቀድመው ያወቁት

ፕሌሴትስክ የተመሠረተው በ1957 ሲሆን በመጀመሪያ «አንጋራ» የሚል መሸፈኛ ስም ነበረው። የተሠራው ለጠፈር ምርምር ሳይሆን አር-7 የተባለውን አህጉር አቋራጭ የኑክሌር ሚሳይል ለማስወንጨፍ ነው። ይህን ያህል ወደ ሰሜን የተሠራውም ሚሳይሉ በሰሜን ዋልታ በኩል ወደ አሜሪካ የሚሄድበትን መንገድ ለማሳጠር ነበር። ምሥጢር ሆኖ የቆየበት ዋና ምክንያት ይህ ነው። የጠፈር ማምጠቂያነቱ የተጨመረው በኋላ ነው።

የአሜሪካ የስለላ ድርጅቶች ስለ ቦታው ከ1950ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ ጥርጣሬ ነበራቸው። ሜይ 1 ቀን 1960 በሶቭየት ሰማይ ላይ ተመትቶ የወደቀው የፍራንሲስ ጋሪ ፓወርስ ዩ-2 የስለላ አውሮፕላን ሊያነሣቸው ከታሰቡት ቦታዎች አንዱ ፕሌሴትስክ ነበር። አውሮፕላኑ ስቨርድሎቭስክ አካባቢ ስለተመታ እዚያ አልደረሰም። በኋላ የአሜሪካ የስለላ ሳተላይቶች ቦታውን ከላይ ፎቶግራፍ አነሡት።

ልዕለ ኃያላኑ ጠፈርን ለማዳመጥ የሚያወጡት ገንዘብ ከኬተሪንግ መሣሪያ ጋር አይወዳደርም። ለምሳሌ በዚያው ዘመን በኢትዮጵያ፣ አስመራ በሚገኘው የአሜሪካ ቃኘው ጣቢያ፣ ስቶንሃውስ በተባለ ፕሮጀክት ሁለት ግዙፍ የሣህን አንቴናዎች ተተክለው ነበር። የአንዱ ስፋት 150 ጫማ (46 ሜትር ያህል)፣ የሌላው 85 ጫማ (26 ሜትር ያህል) ነው። የተሠሩትም ወደ ጨረቃና ወደ ፕላኔቶች የሚሄዱ የሶቭየት መንኮራኩሮችን ለማዳመጥ ነበር። እንዲህ ባሉ ጣቢያዎች የሚገኘው ዕውቀት ግን ከመዝገብ ቤት አይወጣም፤ ሕዝብም፣ ሳይንቲስቶችም አያዩትም።

በዚህ ምክንያት ኬተሪንግ ያደረገው ነገር «ማንም ያላወቀውን ማወቅ» ሳይሆን «ጥቂቶች ብቻ የሚያውቁትን ለሁሉም ማድረስ» ነው ሊባል ይችላል። አንዱ መንግሥት ጣቢያውን ደበቀ፤ ሌላው ማወቁን ደበቀ። ቡድኑ የተጠቀመው በሰማይ ላይ በነጻ የሚተላለፈውን ምልክትና በጋዜጣ የታተመውን መግለጫ ብቻ ስለነበረ ከሁለቱም ፈቃድ መጠየቅ አላስፈለገውም።

የሶቭየት ዝምታ

ሶቭየት ኅብረት ለግኝቱ መልስ አልሰጠችም። የፕሌሴትስክን መኖር በይፋ ያመነችው በ1983፣ ማለትም ከ17 ዓመት በኋላ ነው። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ጣቢያው በዓለም ላይ ከየትኛውም የበለጠ ሮኬት የሚነሣበት ቦታ ሆኖ ነበር። በውጭ ያለ ማንኛውም አንባቢ ስለ ፕሌሴትስክ በመጽሔት ማንበብ ሲችል የአገሩ ዜጋ ግን በአገሩ ጋዜጣ ስሙን አያገኝም ነበር።

ዝምታው ያስከተለውን ነገር ሁለት ክስተቶች ያሳያሉ። ሴፕቴምበር 20 ቀን 1977 ከንጋት በፊት በፔትሮዛቮድስክ ከተማና በአካባቢው ያሉ ሰዎች በሰማይ ላይ ጨረር የሚረጭ እንግዳ ብርሃን አዩ። ብዙዎች ከሌላ ዓለም የመጣ ነገር መሰላቸው፤ ነገሩም በአገሪቱ ሁሉ ተወራ። በዚያው ሰዓት ከፕሌሴትስክ ኮስሞስ 955 እየመጠቀ ነበር። ጣቢያው በይፋ የሌለ ስለሆነ ግን ያንን ለሕዝቡ የሚናገር አልነበረም። ሁለተኛው የከፋ ነው። ማርች 18 ቀን 1980 በጣቢያው ነዳጅ በመሞላት ላይ የነበረ ቮስቶክ-2ኤም ሮኬት ፈንድቶ 48 ሰዎች ሞቱ። አደጋው በሶቭየት ጋዜጦች የተገለጸው በ1989 ነው።

ከ1966 በኋላ

ከግኝቱ በኋላ ቡድኑ ማዳመጡን ቀጠለ። በየጊዜው የሚመጡ ተማሪዎች ሥራውን ከቀደሙት እየተማሩ ይረከቡ ነበር። ተማሪዎች ትምህርታቸውን ጨርሰው ሲሄዱ መዝገቡ ስለሚቀር የዓመታት መረጃ በአንድ ቦታ ተከማቸ። የቡድኑ ትልቁ ሀብትም ይህ መዝገብ ነበር። አንድ ሳተላይት እንግዳ ነገር ሲያደርግ እንግዳ መሆኑ የሚታወቀው ከእርሱ በፊት የነበሩት ምን ያደርጉ እንደነበር ሲታወቅ ብቻ ነው።

ለዚህ ጥሩ ምሳሌ የሚሆነው በኦክቶበር 1973 በእስራኤልና በዓረብ አገሮች መካከል የተደረገው ጦርነት ነው። ከኦክቶበር 3 ጀምሮ ሶቭየት ኅብረት የፎቶግራፍ ሳተላይቶችን በቀናት ልዩነት እያከታተለች አመጠቀች። ከእነዚህ ኮስሞስ 596፣ 597 እና 598 በምሕዋር ላይ የቆዩት ለ6 ቀን ያህል ብቻ ነው። ጦርነቱ የሚካሄድበትን ቦታ ፎቶግራፍ ቶሎ ማየት የፈለገ ሰው እንደነበረ ከዚህ መረዳት ይቻላል። እንዲህ ያለውን ለውጥ መቀበያ ያለውና በየቀኑ የሚመዘግብ ሰው ሁሉ ሊያስተውለው የሚችል ነበር።

ቡድኑ ሰው የያዙ መንኮራኩሮችንም ይከታተል ነበር። የሶዩዝ መንኮራኩሮችና የሳልዩት የጠፈር ጣቢያዎች በ121.75 ሜጋ ኸርዝ የጠፈርተኞችን ድምፅ ያስተላልፉ ስለነበር፣ መንኮራኩሩ ከምዕራብ አውሮፓ በላይ ሲያልፍ ንግግሩ በቀጥታ ይሰማ ነበር።

ቡድኑ ከትምህርት ቤቱ ውጭ

አንድ አድማጭ የሚሰማው በእርሱ ሰማይ የሚያልፈውን ብቻ ነው። ስለዚህ የፔሪ ሥራ እየታወቀ ሲሄድ በሌሎች አገሮች ያሉ አድማጮች መዝገባቸውን ይልኩላቸው ጀመር። ከእነዚህ በይበልጥ የሚታወቁት ስዊድናዊው ስቬን ግራን ናቸው። ግራን በወጣትነታቸው የጀመሩትን ማዳመጥ ሳያቋርጡ የጠፈር መሐንዲስ ሆነው በስዊድን የጠፈር ኮርፖሬሽን ሠርተዋል። በዚህ ዓይነት «የኬተሪንግ ቡድን» የሚለው ስም ከአንድ ትምህርት ቤት አልፎ በአውሮፓና በአሜሪካ የሚገኙ አድማጮች የሚተባበሩበት የጋራ መጠሪያ ሆነ።

የቡድኑ ውጤቶች በበረራና በጠፈር መጽሔቶች ይታተሙ ነበር። ለአሜሪካ ኮንግረስ ስለ ሶቭየት የጠፈር ሥራ በሚዘጋጁ ሰፋፊ ዘገባዎችም ውስጥ የፔሪ ጥናቶች ተጠቅሰዋል። የራሷ የስለላ ሳተላይቶች ያሏት አገር ምክር ቤት የመምህሩን ሥራ የተጠቀመበት ምክንያት ግልጽ ነው። የስለላው መረጃ ምሥጢር ስለሆነ በይፋ ዘገባ ላይ ሊታተም አይችልም፤ የኬተሪንጉ ግን ለማንም ክፍት ነበር።

ፔሪ በ1973 የብሪታንያ መንግሥት የኤምቢኢ ኒሻን ሸለማቸው። በ1984 ከመምህርነት ጡረታ ከወጡ በኋላም ሶቭየት ኅብረት አዲስ መንኮራኩር ባመጠቀች ቁጥር በቴሌቪዥን ዜና ላይ ማብራሪያ ይሰጡ ነበር። በጃንዋሪ 2000 አረፉ። ትምህርት ቤቱ ራሱ በ1976 በፈተና መምረጡን ትቶ ስሙን ወደ ኬተሪንግ የወንዶች ትምህርት ቤት ለወጠ፤ በ1993 ደግሞ ተዘጋ።

ቅርስ

የኬተሪንግ ቡድን ዘዴ ዛሬም ይሠራበታል። የተለወጠው መሣሪያው ነው። በዚያን ጊዜ በእጅ ይሠራ የነበረው ስሌት አሁን በኮምፒዩተር በቅጽበት ይጠናቀቃል፤ የዶፕለር ለውጥም በጆሮ ሳይሆን በስክሪን ላይ በመስመር ይታያል። ለቴሌቪዥን ተብሎ የተሠራ፣ በኮምፒዩተር ዩኤስቢ የሚሰካ ርካሽ መቀበያ በሶፍትዌር ታግዞ የሳተላይት ምልክት መቀበል ይችላል። ለምሳሌ በዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ ያለው የአማተር ራዲዮ በ145.800 ሜጋ ኸርዝ ስለሚያስተላልፍ በብዙ አገሮች ያሉ ተማሪዎች ከጠፈርተኞች ጋር በቀጥታ ይነጋገሩበታል። በአዲስ አበባም ኢቲ3ኤኤ በሚል መጠሪያ የሚታወቀው የኢትዮጵያ አማተር ራዲዮ ማኅበር ጣቢያ በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ግቢ ውስጥ ይገኛል፤ ተማሪዎችም የራዲዮ ሥራን በተግባር ይለማመዱበታል።

በግል የሚደረግ ማዳመጥ አሁንም የመንግሥታት ድርጅቶች ያላዩትን ያሳያል። በጃንዋሪ 2018 ካናዳዊው የራዲዮ አማተር ስኮት ቲሊ አንድ የአሜሪካ ምሥጢራዊ ሳተላይት ሲፈልግ ያላሰበውን ምልክት ያዘ። ምልክቱ የመጣው ናሳ በ2005 ግንኙነቱ ተቋርጦበት ጠፍቷል ብሎ ከተወው ኢሜጅ ከተባለው የምርምር ሳተላይት ነበር። ናሳም በኋላ ይህንኑ አረጋገጠ።

ፕሌሴትስክ ዛሬ በይፋ የሚታወቅ የሩሲያ የጠፈር ማምጠቂያ ጣቢያ ነው፤ በአቅራቢያው ያለችው ሚርኒ የተባለች ከተማም በካርታ ላይ ትታያለች። በጠፈር ታሪክ መጻሕፍት የጣቢያው መገኘት ሲነሣ የኬተሪንግ መምህራንና ተማሪዎች አብረው ይጠቀሳሉ።